የማይነክሱ ቢምቢዎች

ወባ በኢትዮጵያ የደጋ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የቆላ በሽታ ተብሎ ሲታወቅ ኖሯል። ንዳድ እየተባለ ይጠራ በነበረበት ዘመን፣ የበሽታው መነሻ ገና ሳይታወቅ፣ ገበሬው ንዳድ ከወንዝ ዳርና ከረግረግ መሬት እንደማይርቅ ተረድቶ ነበር። ስለዚህም ለእርሻ ወይም ለንግድ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ጉዳዩን ፈጽሞ ሳይመሽበት ወደ ደጋው ለመመለስ ይጣደፍ ነበር። ክረምት አልፎ ዝናቡ በየጉድጓዱና በየሥርጓጉጡ ውሃ ሲያቁር በሽታው ይነሣል፤ በጋው እየጠና ውሃው ሲደርቅ በሽታውም ይበርዳል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። በሚቀጥለው ዓመት ወባን የማጥፋት ሥራ በመንግሥት ደረጃ ሲጀመርና ዲዲቲ ረጪዎች መሣሪያቸውን በጀርባቸው አዝለው በየመንደሩ ሲሠማሩ፣ ዘመቻው የተመሠረተው በዚሁ ጥንታዊ ዕውቀት ላይ ነበር፤ ይኸውም ወባ የገጠር፣ የቆላና የዝናብ ማግሥት በሽታ ነው የሚለው ነው።

ይህን ዕውቀት ያናወጠችው ጅቡቲ ናት። ጅቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። ሙቀቷ ብርቱ፣ ዝናቧም እጅግ ጥቂት ነው። በአጠገቧ የሚያልፈው የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይከርምና ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ይሞላል። በጥንቱ ሚዛን ከተመዘነች ጅቡቲ ለወባ የማትመች አገር ናት፤ መዝገቧም ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ሲመሰክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በመላ አገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ደረሰ። የአገሪቱ ሕዝብ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ያህል መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ለዐሥራ አራት ሰው አንድ ሕመምተኛ እንደ ማለት ነው። ወባን ለማጥፋት ተቃርባ የነበረች አገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወባ መናኸሪያ ሆነች።

የዚህ ምክንያት አንዲት ባዕድ ቢምቢ ናት። በ2012 በጅቡቲ ከተማ ከተያዙት ቢምቢዎች መካከል ከዚያ በፊት በአፍሪካ ምድር ታይታ የማታውቅ ዝርያ ተገኘች። ማይክል ፋውልደ የተባለው ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ በ2014 በጽሑፍ አስታወቁ። ዝርያዋ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ ትባላለች። የትውልድ አገሯ ሕንድ፣ ፋርስና የዐረብ ምድር ሲሆን በሕንድ ታላላቅ ከተሞች የወባ ዋነኛ አስተላላፊ መሆኗ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ከእስያና ከዐረብ ወደቦች ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው መርከብ ብዙ ስለሆነ፣ ባሕሩን የተሻገረችው በዚሁ መንገድ ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል።

በአፍሪካ የኖሩት የወባ ቢምቢዎች ገጠሬዎች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ አስተላላፊ አኖፊሊስ አራቢየንሲስ ዕንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው የዝናብ ኩሬ፣ የከብት ኮቴ በቆፈረው ጉድጓድና በወንዝ ዳር በሚቀር ውሃ ላይ ነው። ስቴፈንሲ ግን ከተሜ ናት። የምትፈልገው በሰው እጅ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። በርሜል፣ የጣራ ላይ ጋን፣ የቤት ውስጥ ገንዳ፣ የሕንፃ ሠራተኞች ለሲሚንቶ ማቡኪያ የሚቆፍሩት ጉድጓድ፣ ክዳኑ ያልገጠመ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ እነዚህ ሁሉ ለርሷ የመራቢያ ሥፍራ ናቸው። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዝናብ በሚያንስበትና የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ ሕዝቡ ውሃ ማጠራቀሙ የግድ ነው። ውሃ በጠፋ መጠን በርሜሉ ይበዛል፤ በርሜሉ በበዛ መጠን ቢምቢዋ ትረባለች። ወባ ከዝናብ ጋር የሚመጣ በሽታ መሆኑ ቀርቶ ከድርቅ ጋር የሚስማማ በሽታ ሆነ። በዚህም ላይ ስቴፈንሲ የተለመዱትን የተባይ መግደያ መድኃኒቶች በብዛት ተቋቁማለች፤ ከቤት ውጭም ስለምትነክስ፣ ግድግዳ ላይ የሚረጨው መድኃኒትና አልጋ ላይ የሚዘረጋው አጎበር በገጠር የሚሰጡትን ያህል ጥቅም በከተማ አይሰጡም።

ነገሩ በጅቡቲ ተወስኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2016 ስቴፈንሲ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከተማ ተገኘች። ከጅቡቲ የሚነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰባት የድሬዳዋ ከተማም ብዙ አልቆየችም። በ2022 መጀመሪያ፣ ወባ ሊኖር በማይገባው በደረቁ ወራት፣ የድሬዳዋ ሕሙማን ቁጥር ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከዐሥር እጥፍ በላይ ሆነ። በአዲስ አበባ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሳይንቲስት ፍጹም ታደሰና ባልደረቦቹ ወደ ስፍራው ሄደው የሕመምተኞችን ቤትና የድሬዳዋ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ማደሪያ መረመሩ። በሕሙማን መኖሪያ አካባቢ ከያዟቸው ጎልማሳ ቢምቢዎች አብዛኞቹ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ፤ የወባ ጥገኛ ተሕዋስያንም በውስጣቸው ታየ። ይባስ ብሎ ከተሕዋስያኑ አንዳንዶቹ መድኃኒትን የመቋቋም ምልክት የነበራቸው ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ በፈጣን መመርመሪያ የሚፈለገውን ፕሮቲን የማይሠሩ ነበሩ። ይህም ማለት ሕመምተኛው ወባ ይዞት ሳለ መመርመሪያው ነጻ ነው ሊለው ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቢምቢዋ በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኤርትራ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በጋና ታይታለች። በኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲ ማሪያን ሲንካና ባልደረቦቿ በ2020 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ስቴፈንሲ በሚስማሟት የአፍሪካ ከተሞች ሁሉ ብትስፋፋ 126 ሚሊዮን ተጨማሪ የከተማ ነዋሪዎች ለወባ ይጋለጣሉ።

ቢምቢን በመድኃኒት መግደል ካቃተ፣ ቢምቢን በቢምቢ ማጥፋት ይቻላልን? ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የነፍሳት ሊቅ ኤድዋርድ ኒፕሊንግ የከብት ቁስል እየበላ የሚራባውን ትል ለማጥፋት እንዲህ ሲል አሰበ፤ የዝንቡን ወንዶች በብዛት አርብቶና በጨረር አምክኖ መልቀቅ ቢቻል፣ እንስቶቹ ከመካኖቹ ወንዶች ጋር ተገናኝተው የማይፈለፈል ዕንቁላል ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በኩራሳው ደሴት ላይ ይህ ሐሳብ በተግባር ተፈትኖ ዝንቡ ከደሴቲቱ ጠፋ። ዘዴው በኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ የቆላ ዝንብን ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለማጥፋት በአዲስ አበባ በቃሊቲ የዝንብ ማርቢያና ማምከኛ ጣቢያ ተቋቁሟል።

ይሁን እንጂ ለቢምቢ ሲሆን ሁለት እንቅፋት አለ። አንደኛ፣ ጨረር ወንዱን ከማምከን አልፎ ያደክመዋል፤ የደከመ ወንድ ደግሞ ከዱር ወንዶች ጋር ተወዳድሮ እንስት ለማግኘት አይችልም። ሁለተኛውና የሚብሰው ግን ወንዱን ከእንስቷ የመለየት ችግር ነው። ደም የምትመጠው እንስቷ ብቻ ናት፤ ደሙ የሚያስፈልጋትም ለዕንቁላሏ ነው። ወንዱ የአበባ ወለላና የተክል ፈሳሽ እየቀሰመ ይኖራል እንጂ ሰው አይነክስም። ስለዚህ ከሚለቀቁት መካከል እንስቶች ከተቀላቀሉ በሽታን ለማጥፋት የወጣው ሰው በሽታ አስተላላፊ ለቀቀ ማለት ነው። ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ቢምቢ በሙሽሬነት ዕድሜዋ፣ ማለትም ከዕጭነት ወደ ጎልማሳነት በምትሸጋገርበት ጊዜ፣ ከወንዱ ስለምትገዝፍ በወንፊት ዓይነት መሣሪያ ልትለይ ትችላለች። የአኖፊሊስ ወንድና እንስት ሙሽሬዎች ግን በመጠን ይቀራረባሉና ወንፊት አይለያቸውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኤል ሳልቫዶር የሠሩ ተመራማሪዎች የተባይ መድኃኒትን የመቋቋም ባሕርይን ከወንዱ ክሮሞሶም ጋር አያይዘው፣ ዕንቁላሎቹንና ዕጮቹን በመድኃኒት በማጠብ እንስቶቹን ብቻ ለመግደል ችለው ነበር። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም መድኃኒት የሚቋቋም ቢምቢ ሆን ብሎ መልቀቅ ሌላ ጣጣ አለው።

በዚህ ጊዜ ነው አዲስ የጥናት ዘርፍ ለጉዳዩ መልስ ይዞ የቀረበው። ሲንቴቲክ ባዮሎጂ ይባላል። ገበሬ ከእህሉ መካከል ዛላው የሞላውን፣ ከከብቱ መካከል ወተቷ የበዛውን እየመረጠ ማራባት ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል፤ እርሱ ግን የሚመርጠው ተፈጥሮ ካቀረበችለት ውስጥ ነው። የሲንቴቲክ ባዮሎጂ ሊቃውንት የሚሠሩት ከዚህ ለየት ባለ መንገድ ነው። ልዩ ልዩ ሕያዋን የሚጠቀሙባቸውን ዘረመሎች እንደ መሣሪያ ዕቃ ቆጥረው፣ አንዱን ከባክቴሪያ፣ ሌላውን ከቫይረስ፣ ሦስተኛውን ከነፍሳት ወስደው ይገጣጥማሉ፤ የተገጣጠመውም ዕቃ በሕያው ህዋስ ውስጥ አስቀድሞ የታሰበለትን ሥራ እንዲሠራ ያደርጋሉ። ለዚህም የሥነ ሕይወት ዕውቀት ብቻውን አይበቃም። ኬሚስቱ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ይቀምማል፤ የሒሳብ ሊቁ ዘረመሉ በትውልድ መካከል እንዴት እንደሚሰራጭ ያሰላል፤ መሐንዲሱ ሚሊዮን ነፍሳት የሚያረባ፣ የሚቆጥርና የሚለይ መሣሪያ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. 2000 ለዚህ ጥናት የተባረከ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ማይክል ኤሎዊትዝና ስታኒስላስ ላይብለር ሦስት ዘረመሎች አንዱ ሌላውን እንዲያግድ አድርገው በመግጠም፣ ባክቴሪያ እንደ መብራት በየጊዜው ብልጭ ድርግም እንድትል አደረጉ። በዚያው ዓመት በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፍላሚኒያ ካተሩቻና ባልደረቦቿ ባዕድ ዘረመል በወባ ቢምቢ ዘር ውስጥ አስገብተው ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲተላለፍ ለማድረግ ቻሉ። ለሙከራቸው የመረጧት ቢምቢ ራሷ ስቴፈንሲ መሆኗ የሚያስገርም ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህች ቢምቢ ባሕር ተሻግራ አፍሪካን እንደምታስጨንቅ ያሰበ አልነበረም። እንደገና በዚያው ዓመት የኦክስፎርዱ ሉክ አልፊና ባልደረቦቹ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ በሰላም የሚኖር ከላቦራቶሪ ውጭ ግን እንስቶቹ የሚሞቱበት የፍሬ ዝንብ ዘር ሠርተው አሳዩ። በ2002 ኦክሲቴክ የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

አሠራሩ በቀላሉ ሊገለጽ ይችላል። የሥራው መሠረት ማንፍሬድ ጎሰንና ሄርማን ቡያርድ እ.ኤ.አ. በ1992 በሃይደልበርግ የሠሩት የዘረመል ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ባክቴሪያዎች ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት በአካባቢያቸው መኖር አለመኖሩን የሚያውቁበት አንድ ፕሮቲን አላቸው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ይህን ፕሮቲን ምች በሚያመጣው ቫይረስ ውስጥ ከሚገኝ ዘረመልን የሚቀሰቅስ ቁራጭ ጋር አጣመሩት። ጥምሩ ፕሮቲን በዲ.ኤን.ኤ. ላይ በተወሰነ ስፍራ ሲቀመጥ በዚያ አጠገብ ያለው ዘረመል ሥራውን ይጀምራል፤ ቴትራሳይክሊን ሲመጣ ግን ፕሮቲኑ በመድኃኒቱ ይያዝና ከስፍራው ይነሣል፤ ዘረመሉም ያርፋል። አልፊና ተከታዮቹ የጨመሩበት ብልሃት፣ ፕሮቲኑ የራሱን ዘረመል እንዲቀሰቅስ ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን ፕሮቲኑ ፕሮቲን ያሠራል፤ የተሠራው ደግሞ የበለጠ ያሠራል፤ እንደ ሰደድ እሳት እየተባዛም ሄዶ የህዋሱን ጉልበት ይጨርሰዋል፤ ዕጩም ይሞታል። በማርቢያው ውሃ ውስጥ መድኃኒቱ ስለሚጨመር እሳቱ አይነሣም። መድኃኒቱ በሌለበት በበርሜሉ ውሃ ውስጥ ግን ይነሣል።

እንስቷ ብቻ እንድትሞት የሚደረገውስ እንዴት ነው? ይህ የነፍሳትን ተፈጥሮ በሚገባ ማጥናት የጠየቀ ጉዳይ ነው። ህዋስ ከዘረመል የሚቀዳውን መልእክት እንዳለ አይጠቀምበትም፤ ልብስ ሰፊ ጨርቁን እንደሚያደርገው ሁሉ ቆርጦ ይቀጥለዋል። ጾታን በሚወስነው ዘረመል ላይ የወንዱ አቆራረጥና የእንስቷ አቆራረጥ የተለያየ ነው። ስለሆነም ሊቃውንቱ ገዳዩን ዘረመል ከዚህ የሚቆረጥ ክፍል ጋር ሲያያይዙት፣ በእንስቷ ውስጥ መልእክቱ ተስተካክሎ ይነበባል፤ በወንዱ ውስጥ ግን ትርፍ ቁራጭ በመካከሉ ስለሚቀር ትርጉም ያጣል። ወንዱ ገዳዩን ዘረመል ተሸክሞ በጤና ያድጋል ማለት ነው። ወንድን ከእንስት የመለየቱ ሥራም በዚሁ ያበቃል፤ ከሚለቀቁት ዕንቁላሎች መድኃኒቱ ሲነፈግ እንስቶቹ ራሳቸው በዕጭነት ያልቃሉና።

አሁን የዘር ውርሱን በስሌት መከተል ይቻላል። የሚለቀቀው ወንድ ዘረመሉን በሁለት ቅጂ ስለያዘ ከዱር እንስት የሚወልዳቸው ልጆች ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ይወርሳሉ። ሴቶች ልጆቹ ሳያድጉ ይሞታሉ፤ ወንዶች ልጆቹ ያድጋሉ። እነዚህ ወንዶች በተራቸው ከዱር እንስቶች ጋር ሲገናኙ፣ ያላቸው አንድ ቅጂ ብቻ በመሆኑ፣ ዘረመሉ የሚደርሰው ለግማሾቹ ልጆቻቸው ነው። ከዚህም ሴቶቹ ይሞታሉ። በሚቀጥለው ትውልድ ዘረመሉ ለሩቡ፣ ከዚያም ለሩቡ ግማሽ ይደርሳል፤ በዚህ ዓይነት እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። እንግዲህ ይህ ዘዴ በየጊዜው አዳዲስ ወንዶች ካልተለቀቁ በቀር ራሱን በራሱ ያቆማል። ይህ ጉድለቱም ጥቅሙም ነው። ጉድለቱ ወጪው አለማለቁ ሲሆን፣ ጥቅሙ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ወደ ኋላ መመለስ መቻሉ ነው። ጂን ድራይቭ የተባለው ሌላው ዘዴ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፤ እርሱ ከግማሽ በላይ ለሆኑት ልጆች፣ አንዳንድ ጊዜም ለሁሉም፣ እየተላለፈ ሊስፋፋ የታሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በጎጆ ውስጥ የነበሩ የአኖፊሊስ ጋምቢዬ ቢምቢዎችን በዚህ መንገድ ከሰባት እስከ ዐሥራ አንድ በሚሆን ትውልድ ውስጥ ጨርሰዋቸዋል። ሁለቱን ዘዴዎች አንድ አድርጎ መከራከር የተለመደ ቢሆንም ተገቢ አይደለም።

ዘረመሉን በቢምቢ ዘር ውስጥ የማስገባቱ ሥራ ትዕግሥትን ይጠይቃል። የአኖፊሊስ ዕንቁላል ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ከተጣለ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ገና ሳይጠነክር፣ በአጉሊ መነጽር ሥር በእጅግ ቀጭን የመስተዋት መርፌ ይወጋል። ከሚወጉት ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ከሚተርፉትም ዘረመሉ የሚዘልቅባቸው ጥቂቶች ናቸው። እነዚያን ጥቂቶች ከብዙዎቹ ለመለየት ሳይንቲስቶች ከገዳዩ ዘረመል ጋር አንድ ምልክት ያስገባሉ። ምልክቱ ከባሕር እንስሳት፣ ለምሳሌ ከጄሊ ዓሣ ወይም ከዛጎል ድንጋይ ዘመዶች፣ የተወሰደ የሚያበራ ፕሮቲን ሲሆን ዕጩ ልዩ ብርሃን ሲበራበት ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ይህ ብርሃን ለመሣሪያም ዓይን ሆነ። ድሮ ዕጮችን በአጉሊ መነጽር ሥር አንድ በአንድ እያዩ መለየት ለአንድ ሠራተኛ የሙሉ ቀን ሥራ ነበር፤ ዓይን ይደክማል፤ እጅም ይሳሳታል። በስትራስቡርግ ኤሪክ ማርዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ዕጮቹ በቀጭን ቱቦ ተሰልፈው በጨረር ፊት ሲያልፉ መሣሪያው የሚያበሩትን ከማያበሩት እየለየ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩትን ማጣራት እንደሚችል አሳይተዋል። በካሊፎርኒያ በፍሬዝኖ ከተማ ደግሞ ከዘረመል ለውጥ ሳይሆን ወልባኪያ ከተባለች ባክቴሪያ ጋር በተያያዘ ሌላ ሙከራ፣ ቬሪሊ የተባለው ኩባንያ ማርባቱን፣ መለየቱንና መልቀቁን በአውቶማቲክ መሣሪያዎችና በኮምፒዩተር ካሜራ አከናውኗል። በ2018 በዚህ መንገድ 14.4 ሚሊዮን ወንድ የኤደስ ቢምቢዎች ተለቀቁ፤ በተመረጡት ሰፈሮች ነካሾቹ እንስቶች 95 ከመቶ ያህል ቀነሱ። ይህን ያህል ነፍሳት በሰው ዓይንና በሰው ጣት መለየት የማይታሰብ ነው። የመሣሪያው ጥቅም በፍጥነቱ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ ሺኛውን ዕጭ እንደ መጀመሪያው አድርጎ ማየቱ ይበልጣል።

በጅቡቲ የሆነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕውቀት ከከተማዋ ችግር ጋር የተገናኘበት ሥራ ነው። የጅቡቲ መንግሥት፣ ሙቱዋሊስ የተባለው የአገሩ ማኅበርና ኦክሲቴክ አብረው ለሁለት ዓመታት ያህል ከተዘጋጁ በኋላ፣ ሐሙስ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2024፣ በከተማዋ ዳርቻ በአምቡሊ ሰፈር በዐሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ወንድ የስቴፈንሲ ቢምቢዎች ተለቀቁ። በዘረመል ምሕንድስና የተለወጠ ቢምቢ በምሥራቅ አፍሪካ ሲለቀቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በአፍሪካ ግን ቡርኪና ፋሶ ትቀድማለች፤ በ2019 ባና በተባለ መንደር መካን ወንድ ቢምቢዎች ተለቀው ነበር። አዘጋጆቹ የጅቡቲዎቹን ቢምቢዎች «ወዳጆች» ብለው ሰይመዋቸዋል። ስሙ የገበያ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ይሁንና ሕዝቡ ለዓመታት በመድኃኒት ሲያሳድደው የኖረውን ነፍሳ በሰፈሩ እንዲለቁበት ሲጠየቅ፣ የሚለቀቀው እንደማይነክስ በአጭር ቃል መንገር አስፈላጊ ነበር።

ተቃውሞ አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይገባውም። በብራዚል በዣኮቢና ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በኦክሲቴክ የተለቀቁት የኤደስ ቢምቢዎች የቀድሞ ዓይነት ነበሩ፤ ከልጆቻቸው ጥቂቶቹ ይተርፉ ነበር። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት፣ የተለቀቁት ቢምቢዎች ዘር ከአካባቢው ቢምቢዎች ዘር ጋር ተቀላቅሎ መገኘቱን ገለጸ። ኩባንያው የጥናቱን መደምደሚያ ተቃወመ፤ መጽሔቱም በ2020 ጥናቱ ስለ ያዛቸው አንዳንድ አባባሎች ሥጋቱን ለአንባቢዎች አስታወቀ። በቡርኪና ፋሶ ደግሞ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት የቢምቢውን ፕሮጀክት ሥራ እንዲቆም አዘዘ። ከሳይንሱ ወገን የሚነሣ ሌላም ጥያቄ አለ። ቴትራሳይክሊን ለሰውና ለከብት የሚሰጥ መድኃኒት ስለሆነ፣ በፍሳሽ ውስጥ ቢገኝ እንስቶቹን ከሞት አያድናቸውምን? ስቴፈንሲ የምትራባው በንጹሕ ውሃ እንጂ በፍሳሽ አለመሆኑ ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ይሆናል። ቢምቢዋ ብትጠፋ የተፈጥሮ ሚዛን ይዛባል የሚለው ሥጋት ግን በጅቡቲ ክብደቱ ይቀንሳል። ስቴፈንሲ ለአገሩ መጤ ናትና፣ ከ2012 በፊት ያለ እርሷ የኖረ አገር ያለ እርሷ ለመኖር አይቸገርም።

የአምቡሊው መልቀቅ ሙከራ ነው እንጂ ድል አይደለም። በዐሥር ሺህ የሚቆጠር ቢምቢ አንዲት ከተማን ከወባ አያድንም፤ ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ ማወቅ የሚፈልጉት ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። በላቦራቶሪ ያደገው ወንድ በዚያ ሙቀት ስንት ቀን ይኖራል? ከተለቀቀበት ስፍራ ምን ያህል ርቆ ይበርራል? የዱር እንስቶችስ ይቀበሉታልን? በእንዲህ ያለ ሙከራ መልሱ የሚገኘው ከሰፈሩ በርሜሎችና ገንዳዎች በሚቀዳ ውሃ ውስጥ ነው። ዕጮቹ ተለቅመው ወደ ላቦራቶሪ ይወሰዱና ልዩው ብርሃን ይበራባቸዋል። የሚያበራ ዕጭ ከተገኘ አባቱ ከተለቀቁት ወይም ከተለቀቁት ዘር አንዱ ነው ማለት ነው፤ ከመቶ ዕጭ ስንቱ እንደሚያበራ ሲቆጠርም የተለቀቁት ወንዶች ከዱሮቹ ጋር እንዴት እንደ ተወዳደሩ ይታወቃል። ቀጥሎ የጎልማሶቹ እንስቶች ቁጥር ቢምቢ ከተለቀቀበትና ካልተለቀቀበት ሰፈር በወጥመድ እየተያዘ ይነጻጸራል። የጤና ጣቢያው መዝገብ የሚታየው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም የሕሙማን ቁጥር በመድኃኒት፣ በአጎበርና ከሌላ ስፍራ በሚመጣ መንገደኛ ጭምር ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የቢምቢው ቁጥር ሳይቀንስ ወባው ቢቀንስ ለተለቀቁት ወንዶች የሚቆጠር ውጤት አይሆንም።